ሁለት ብልቃጥ ደም

ስምንት መቶ ሰባ፣ ከሁለት መቶ ሃምሳ ማለፍ የማይገባው ቁጥር ስምንት መቶ ሰባ ላይ ወጥቶ ቁጭ ብሏል፣ ወረቀቱ አራት ታጥፎ በነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ ነው፣ አውጥታ ማየት አያስፈልጋትም፣ ከትናንት አመሻሽ ጀምሮ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ተጽፎ ታገኘዋለች፣ ከወፍራሙ በር ወዲያ አባቷ ሐጂ መስዑድ በጀርባቸው ተንጋለው ወደ ሲቲ ስካኑ ቀለበት እየገቡ ነው፣ ትንፋሽዎን ይያዙ ይላል የባለሙያው ድምፅ፣ ይያዙ፣ አሁን ይተንፍሱ፣ ሱምያም ኮሪደሩ ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሆና አብራቸው ትይዛለች፣ አብራቸው ትለቃለች፣ ማስኳ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ መልሶ ይነፋል። እንደ ሕፃን። አሥራ ሁለት ዓመት ላቦራቶሪ የሠራች ሴት።

ስምንተኛ ቀን። በዚህ ወረርሽኝ ስምንተኛው ቀን መንታ መንገድ ነው፣ ሰውየው ወይ ወደ ቤቱ ይመለሳል ወይ ትንፋሹ ይከዳዋል፣ ይህን የነገራት መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ ዓመት ሙሉ በእጇ ያለፈው የሰው ደም ነው፣ ኤልዲኤች የሚሉት ነገር ጤነኛ ሕዋስ ውስጥ ታጥሮ ይኖራል፣ ሕዋሱ ሲፈርስ ወደ ደም ይፈሳል፣ ሳንባ ሲቆስል ቁጥሩ ይወጣል፣ ቁስሉ ሲሰፋ እሱም ይከተላል፣ ቀላል ነው፣ ቀላልና ጨካኝ፣ የአባቷ የወረታ ባልንጀራ ጋሼ ሙሔ ከሦስት ሳምንት በፊት ወደ ሕክምና ማዕከሉ በእግራቸው ሲገቡ ቁጥራቸው ዘጠኝ መቶ ነበር፣ የሠራችው እሷ ናት፣ የፈረመችው እሷ ናት። በእግራቸው አልወጡም።

ከዚያ ወዲህ አባቷ ማዕከሉን በስሙ አይጠሩትም፣ እዚያ ቤት ይሉታል፣ እዚያ ቤት አልገባም ልጄ፣ ቀኔ ደርሶ እንደሆነ ከደጄ፣ አዛን እየሰማሁ፣ እናትሽ አጠገቤ ሆና፣ እናቷ ኡሙሰልማም ከጓዳ ሆነው አሚን ማለታቸው ነው ወይስ ማልቀሳቸው፣ አይለይም። ዶክተር ይትባረክ ግን እዚያው ቤት አንዲት ኦክሲጅን ያላት አልጋ ይዞላቸዋል፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ፣ ከዚያ በላይ ልይዝላችሁ አልችልም ሱምያ፣ ሰው እየጠበቀ ነው። አሁን አራት ሰዓት ተኩል። ትልካቸው ይሆን፣ ሳይፈልጉ፣ ብትልካቸውና እንደ ጋሼ ሙሔ ቢሆን፣ ባትልካቸውና ቤታቸው አየር ቢያጥራቸው። ሠንጠረዥ ሠርታ ነበር ትናንት፣ በግራ መሄድ፣ በቀኝ መቅረት፣ መሐሉን በማስመሪያ አስምራ፣ መስመሩ ብቻ ቀጥ ብሎ ቀረ፣ በሁለቱም በኩል የምትጽፈው አጣች።

በሩ ይከፈታል። አባቷ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ፣ ኮፍያቸው ጠመም ብሏል፣ ማሽኑ ቀዝቃዛ ነው ይላሉ፣ እንደ እናትሽ ወገኖች ዝም ብሎ ያያል፣ ትስቃለች፣ መሳቋ ይገርማታል፣ ወንድሟ ኡበይዳ ወንበሩን ተቀብሎ ወደ ውጭ ይገፋል፣ መኪናዋን ከሐይቁ ዳር ዋርካ ስር አቁሞአታል፣ መስኮቷን ሁሉ ከፍቶ፣ አየር ይንሸራሸር ብላ ስላዘዘችው፣ ሱሚ ፈታ በይ ይላታል ሲያልፍ፣ ፊትሽ ራሱ ሰው ያሳምማል።

ስክሪኑ ፊት ዶክተር ይትባረክ ቆሟል፣ ወንበር ይስባላታል፣ አትቀመጥም። በዚህ ሥዕል ጥቁሩ ጤና ነው፣ አየር ያለበት ነው፣ ነጩ ነው ክፉው፣ ታውቃለች፣ ግን ሳንባው የአባቷ ስለሆነ ለራሷ እንደ አዲስ ትነግረዋለች፣ ጥቁሩ ጤና፣ ነጩ ሕመም፣ ይትባረክ ሥዕሉን ከላይ ወደ ታች ያንሸራትተዋል፣ ገጽ በገጽ፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ከዚያ ታች፣ ዳር ዳሩን፣ ሳሳ ያለ ነጭ ነገር፣ እንደ እምቦጭ፣ ልክ እንደ እምቦጭ ዳርቻውን ይዞ፣ መሐሉ ግን፣ መሐሉ ክፍት ውሃ ነው፣ ታንኳ ያስኬዳል። ከመቶ አሥራ አምስት ቢሆን ነው ይላል ይትባረክ። አሥራ አምስት፣ ሰማንያ አምስቱ ንጹሕ፣ ያረቢ፣ አሁን ትቀመጣለች፣ ወንበሩ ተስቦ የቆየው ለካ ለዚህ ነው።

ይትባረክ ግን አይስቅም። ጣቱን አገጩ ላይ አድርጎ ወረቀቷን ጠየቃት፣ አወጣችለት፣ ሥዕሉን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል፣ ሥዕሉና ደሙ አልተስማሙም ሱምያ፣ ይህን ሳንባ ይዞ ስምንት መቶ ሰባ አይመጣም፣ ምናልባት ሥዕሉ ያላየው ነገር አለ፣ ምናልባት ደሙ ነገ የሚመጣውን አስቀድሞ እየነገረን ነው፣ እኔ ሁለት ምስክር ሲጣላብኝ ክፉውን ያወራውን አምናለሁ፣ እሱ ሰው አያስቀብርም። አስገቢያቸው ይላል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ልክ ነው፣ እሷም በእሱ ቦታ ብትሆን ይህንኑ ትል ነበር፣ ለሌላ ሰው አባት ይህንኑ ትል ነበር።

ወደ ሐይቁ ትወጣለች። ፀሐዩ። ውሃው ያንጸባርቃል፣ ዓሣ አስጋሪዎቹ ከደንገሉ ጥግ መረባቸውን እየጎተቱ እርስ በርስ ይሰዳደባሉ፣ ዓለም እንደ ወትሮው፣ እንዴት ብላ ትነግራቸዋለች፣ አባ ሥዕሉ ጥሩ ነው ግን፣ ይህችን ግን የምትለውን ቃል ገና ከሩቅ ያውቋታል፣ ሠላሳ ዓመት ቲማቲምና ሽንኩርት ከፎገራ ጭነው የነገዱ ሰው፣ ሻጭ ግን ያለ እንደሆነ ሳጥኑን ገልብጡት የሚሉ ሰው።

የኋላ ወንበር ላይ ጋደም ብለዋል፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን ያያሉ፣ ትናንት የወጋችበት ቦታ ጠቁሯል፣ ሰፊ፣ እንደ በሰለ እንጆሪ። ይኸን ነው ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩሽ ይላሉ። ጣታቸው ላይ የኦክሲጅን መለኪያውን ትሰካለች፣ ዘጠና ሦስት፣ ትናንትም ዘጠና ሦስት፣ አልወረደም፣ ትመዘግባለች። አባ ሥዕሉ ጥሩ ነው፣ ግን፣ አለች። ግን አሉ እሳቸው፣ ደሙ አይደለም ወይ፣ ደሙ ነው የከፋው። አዎ። ኡበይዳ ከፊት ወንበር ዞሮ ያያታል፣ አሁን ቀልድ የለውም።

ታዲያ እሱን ደም አምነሽ ነው እዚያ ቤት የምትሰጅኝ፣ ይላሉ ሐጂ መስዑድ፣ ቀስ ብለው፣ ሳል እየቆራረጣቸው፣ ትናንት እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቻለሁ እኮ፣ አንዴ ወጋሽ፣ አጣሽው፣ ደግመሽ ወጋሽ፣ ጠብ ጠብ እያለ መጣልሽ፣ ደግሞ በዚያ የዘንዘልማ ኮረኮንች ፒስታ በባጃጅ እየዘለልሽ ወሰድሽው፣ ቲማቲም ቢሆን አስፋልት ሳትደርሽ ወጥ ሆኖልሽ ነበር። ኡበይዳ ሳያስበው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። የፈሰሰ ሳጥን ሲመጣልኝ ምን እላለሁ፣ ሱምዬ፣ ልጅ ሆነሽ ከጎኔ ቆመሽ ስትሰሚ የኖርሽው ምን ነበር።

ማሳውን ከመስደብህ በፊት መንገዱን ጠይቅ።

ማሳውን ከመስደብህ በፊት፣ ቆይ፣ መንገዱን፣ ቆይ ቆይ። ትናንት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል፣ አልጋቸው ላይ፣ ክንዳቸው ደረቅ፣ ደም ሥራቸው እንደ በጋ ማብቂያ ምንጭ የሰረገ፣ ለምን፣ ከሕመም ነው ብላ ነበር፣ አባ ትናንት ጾመው ነበር ወይ። አባ። ሐጂ መስዑድ ወደ ሐይቁ ያያሉ። በሽተኛ አይጾምም ብዬ አልነበረም፣ ሸኹም ነግረውዎት አልነበረም፣ እማዬ ይበላሉ ስትለኝ፣ እናትሽን ተያት ይላሉ፣ እኔ ነኝ ያዘዝኋት፣ ስድሳ ሁለት ረመዳን አንድ ቀን ሳልገድፍ ጾምሁ፣ በስድሳ ሦስተኛው ለትኩሳት እጅ ልስጥ። ዛሬስ። ዛሬም ይላሉ፣ እንደ ተያዘ ተማሪ። ስምንት ቀን ሙሉ በትኩሳት ላይ ውሃ ሳይቀምሱ ከሱሑር እስከ ኢፍጧር። ልትቆጣ ይገባታል፣ ቁጣው ይመጣል፣ ግን ከኋላው ሌላ ነገር እየሮጠ መጥቶ ይቀድመዋል።

ደም ሥሩ ሰርጎ ነበር። እንዳያማቸው ብላ የሕፃናት መርፌ መረጠች፣ ቀጭኗን፣ ለማንም ለአዋቂ የማትፈቅደውን፣ በዚያች በቀጭኗ ሲሪንጁን ጎትታ ጎትታ፣ ደሙ እየጠበበው፣ ከዚያም ያንኑ ደም በዚያችው መርፌ ወደ ብልቃጡ በአውራ ጣቷ ገፍታ፣ አፍጥና፣ ባጃጁ ውጭ እየጠበቀ፣ ከዚያ ፒስታው። ቀዩ ሕዋስ ይፈርሳል እንጂ ምን ይሆናል። ሲፈርስ ውስጡ ያለው ይፈሳል፣ ውስጡ ያለው ደግሞ ያው ኤልዲኤች ነው፣ ቁጥሩ ከሳንባቸው አልመጣም፣ ከመርፌዬ ነው፣ ከእጄ ነው። ፖታሲየሙ። ፖታሲየሙም ስድስት ነጥብ ሁለት ነበር፣ ኩላሊታቸውም ሄደ ብላ ትናንት ሱጁድ ላይ ያለቀሰችበት፣ እሱም እዚያው ቀይ ሕዋስ ውስጥ ነው የሚኖረው፣ ሁለቱ ከአንድ ቤት የሸሹ ናቸው፣ ይህን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቃል፣ ይህን እሷ ራሷ ታስተምራለች።

ተስፋ ነው ወይስ ማስረጃ። ሱምያ፣ ለይ። መሆን የምትፈልጊውን ነገር ማስረጃ አታድርጊው። ስድስት ሰዓት ከሩብ ነው፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጊዜ አለ።

አባ ውሃ ይጠጡ። ያዩዋታል። አሁን፣ ሁለት ብርጭቆ፣ ቀስ እያሉ፣ ከዚያ እንደገና እቀዳለሁ፣ በትክክለኛው መርፌ፣ እጄ አይንቀጠቀጥም፣ ደሙ ያው ከሆነ ይሄዳሉ፣ ካልሆነ ቤት እንመለሳለን፣ ቃሌ ነው። ቃልሽ ነው። ወላሂ። ሐጂ መስዑድ የፕላስቲኩን ጠርሙስ ይዘው ረጅም ጊዜ ቆዩ፣ ከንፈራቸው ተሰንጥቋል፣ ትናንት ለምን አላየችም፣ ከዚያ ቢስሚላህ ብለው ጠጡ፣ ጉሮሯቸው ሲንቀሳቀስ ኡበይዳ ፊቱን አዞረ። ረመዳን ሲወጣ ቀዷውን ጾሜ አወጣለሁ ይላሉ አፋቸውን ጠርገው፣ በሕይወት ካለሁ። ያወጣሉ አባ። አንቺም አብረሽኝ ታወጫለሽ፣ ያስገደፍሽኝ አንቺ ነሽና።

ግማሽ ሰዓት ጠበቀች፣ በሰዓቷ፣ አንዲት ደቂቃ ሳትሰርቅ። ክንዳቸውን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላ። ከዚያ ደም ሥሩ ቀስ እያለ ብቅ አለ፣ ሰማያዊ፣ ሞልቶ፣ እንደ ዱሮው፣ ሳጥን በሚያነሱበት ዘመን ሲገተር ታየው የነበረው፣ አንዴ ወጋች፣ ገባ፣ ደሙ ሳይጎተት ራሱ መጣ፣ ብልቃጡ እስኪሞላ በሥርዓቱ። አላመመኝም ይላሉ፣ ቅር ያላቸው ይመስል።

በእግሯ ትሄዳለች። ከዋርካው እስከ ላቦራቶሪው ስምንት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ኡበይዳ በመኪና ላድርስሽ ሲላት አንድ ድንጋይ እንኳ አልፈልግም አለችው፣ ብልቃጡን በሁለት ጣቷ ቀጥ አድርጋ፣ ከደረቷ ፊት፣ እንደ ሻማ፣ የአስፋልቱን ስንጥቅ ሁሉ እያየች፣ ጥበቃው በሩ ላይ ሰላም ሲላት በአንገቷ ብቻ መለሰች፣ የዙህር አዛን ከከተማው በኩል ይሰማል፣ አንዱ መስጊድ ይጀምራል ሌላው ይከተላል፣ አልቸኩልም፣ አልቸኩልም፣ የምትለው ለማን ነው።

ላቦራቶሪው ውስጥ ዜማ ብቻዋን ናት፣ አብራት አምስት ዓመት የሠራች፣ ምሳዋን በላስቲክ እንደያዘች ቆማ ታያታለች፣ ምን ሆነሽ ነው፣ ምንም፣ ይኸንን አዙሪልኝ፣ እኔ አልነካውም፣ ዳኛ መሆን አልችልም። ዜማ ምሳዋን አስቀምጣ ጓንት ታጠልቃለች፣ ብልቃጡን ማዞሪያው ውስጥ ትተክላለች፣ ከፊት ለፊቱ እኩል ውሃ የያዘ ሌላ ብልቃጥ፣ ሚዛን እንዲጠብቅ፣ ክዳኑ ይዘጋል፣ ማሽኑ ማጓራት ይጀምራል፣ አሥር ደቂቃ።

የትናንቱስ አለ ትላለች ሱምያ። ሁለት ቀን ሳይሞላው የሚጣል ብልቃጥ አለ እንዴ እዚህ ቤት፣ ትላለች ዜማ፣ ሕጉ ያንቺ አይደለም ወይ፣ ከፍሪጁ አውጥታ በመስኮቱ ብርሃን ትይዘዋለች። ሁለቱም ያያሉ። ቀዩ ከታች ረግቷል፣ ከላይ የቀረው ውሃ የሚመስለው ክፍል ግን፣ ከላይ መሆን የነበረበት የብርዝ ቀለም ነው፣ ይህ ግን ከርከዴ ነው፣ በኢፍጧር ሰዓት እናቷ በጆግ የሚያቀርቡት ከርከዴ፣ ቀይ፣ የሚያምር። ትናንት በእጇ ይዛው ነበር። በዓይኗ ታየው ነበር። ዓይኗ አይቷል፣ እሷ አላየችም፣ የአባቷ ስም ብልቃጡ ላይ ስለነበረ።

ነርሶቹ መላሿ ይሏታል፣ በዚህ ሆስፒታል እንደ ሱምያ ናሙና የሚመልስ የለም፣ ስም የሌለው ይመለሳል፣ ሰዓት የሌለው ይመለሳል፣ ትንሽ የቀላ ይመለሳል፣ ሰው ከእንፍራንዝ ድረስ መጥቶ ተቀዳ ብለው ሲለምኗት እንኳ እንደገና ይቀዳ ትላለች፣ ለእሱ ብዬ ነው ትላለች፣ የተሳሳተ ቁጥር ካለመታከም ይከፋል ትላለች፣ ትላለች፣ ትላለች።

ዜማ ብልቃጡን ታስቀምጣለች። ይኸን ከገጠር ጤና ጣቢያ ልከውት ቢሆን፣ ትላለች፣ ደብዳቤ ጽፈሽበት ነበር የምትመልሽው፣ ለአባትሽ ሲሆን ግን ዝም ብለሽ ተቀበልሽ፣ አባትሽ ከእነዚያ ሁሉ ሰው በምን አንሰው ነው።

ማሽኑ እየቀነሰ መጣ፣ ማጓራቱ ወደ ማፏጨት፣ ማፏጨቱ ወደ ዝምታ፣ ክዳኑ ጠቅ ብሎ ተከፈተ፣ ዜማ በሁለት ጣቷ አነሳችው።

ብርዝ።

ጠርቶ፣ ቢጫ፣ ከኋላው የመስኮቱ ብረት ቀጥ ብሎ ይታያል፣ ሁለቱን ብልቃጦች ጎን ለጎን ስትይዛቸው የአንድ ሰው ደም ናቸው ቢሏት ማን ያምናል፣ ዜማ ትከሻዋን በትከሻዋ ነካ አደረገቻት። ገና ነው፣ ቀለም ቁጥር አይደለም፣ ቁጥሩ ይምጣ፣ መመርመሪያው ማሽን ይጠጣል፣ ያስባል፣ ሱምያ እጇን ትታጠባለች፣ እንደገና ትታጠባለች፣ መደርደሪያው ላይ የተዛነፈ ሳጥን አይታ ታቃናለች፣ ሌላውንም፣ ወረቀቱ ሲወጣ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ዜማ ታነባለች፣ ቀስ ብላ፣ እንደ ድርሳን፣ ኤልዲኤች ሁለት መቶ ሰማንያ አራት። ፖታሲየም አራት ነጥብ አንድ። ትንሽ ከፍ ያለ፣ ትንሽ ብቻ፣ ከመቶ አሥራ አምስት ለታመመ ሳንባ የሚገባው፣ ደሙና ሥዕሉ ታረቁ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ስንት ጊዜ አለች፣ ዜማ የማርያምን ስም ትጠራለች፣ ሁለቱም ስሞች ጣሪያው ስር ይገናኛሉ።

ስልክ። ይትባረክ በአንድ ጥሪ አነሳ፣ ነገረችው፣ ሁሉንም፣ መርፌውን፣ ፒስታውን፣ ከርከዴውን፣ ቀለሙን አይቼ ሳላይ መቅረቴን፣ ትወቅሰኛለህ አለች፣ አይ፣ አለ፣ አልጋዋን ከእንፍራንዝ ለመጡ አንዲት እናት እንድሰጥ እየደወልሁ ነው፣ ከጠዋት ጀምሮ ኮሪደር ላይ ናቸው። ሰባት ሰዓት ተኩል። አንዲት ሴት አሁን ከኮሪደር ወንበር ትነሳለች። ይህም አለ፣ ይህን አስባው አልነበረም፣ የተሳሳተ ቁጥር አንድ ሰው ላይ ብቻ አይቆምም። አባትሽን ቤት ውሰጃቸው አለ፣ በሆዳቸው ይተኙ፣ በቀን አራት ጊዜ ጣታቸውን ለኪ፣ ከዘጠና ከወረደ ትደውያለሽ፣ ሱምያ፣ አቤት፣ ጾም የለም በያቸው። ብያቸዋለሁ።

ከመውጣቷ በፊት የተመለሱ ናሙናዎችን መዝገብ ታወጣለች። የትናንቱን ቀን ትጽፋለች። የታካሚው ስም፣ መስዑድ። ምክንያት፣ ሕዋሱ የፈረሰ፣ በቀጭን መርፌ የተቀዳ፣ በመንገድ የተናጠ። ናሙናውን የቀዳው ባለሙያ። እዚህ ላይ ትቆማለች፣ ከዚያ በደንብ በሚነበብ ፊደል፣ ሱምያ መስዑድ። ዜማ ከትከሻዋ በላይ አይታ ማኅተሙን አምጥታ ሰጠቻት።

ዋርካው ስር ነፋስ አለ። ኡበይዳ ከሩቅ አይቷት ከመኪናው ወጥቶ ቆሟል፣ በሁለት እጁ ምን የሚል ምልክት ያሳያል፣ መልስ ለመስጠት እጇን ስታነሳ እጇ ራሱ እየሳቀ እንደሆነ ይሰማታል፣ እጅ ይስቃል ወይ፣ ይስቃል። ሐጂ መስዑድ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጠየቁ፣ መንገዱ ምን አለ። መንገዱ ጥፋተኛ ነው አባ፣ አለች፣ ነጂዋም። እንግዲያ ማሳው። ማሳው ደህና ነው፣ ዳር ዳሩን ትንሽ ነክቶታል። ዳር ዳሩንማ ለወፍ እንተው የለ እንዴ፣ አሉ፣ ራሳቸውን ወደ ኋላ አስደገፉ። ቤት። ቤት አባ። እናትሽን እንዳትቆጪያት። እቆጣለሁ። ትንሽ ብቻ።

ኡበይዳ ሞተሩን ከማስነሳቱ በፊት እናታቸው ጋ ይደውላል፣ ከስልኩ ውስጥ እልልታ ይሁን ልቅሶ ዛሬም አይለይም። ሱምያ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣለች፣ አሁን ተኝተዋል፣ ውሃው ይሆናል ያስተኛቸው፣ ሰዓቷን አውጥታ እንደ ልማዷ ትንፋሻቸውን መቁጠር ትጀምራለች፣ በደቂቃ ከሃያ ማለፍ የለበትም፣ አንድ፣ ሁለት፣ ደረታቸው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ከመስኮቱ ወዲያ ሐይቁ፣ ዳር ላይ ያለው እምቦጭ አረንጓዴ፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ውሃ ሁሉ ክፍት፣ ስምንት፣ አንዲት ታንኳ ቀስ ብላ ታልፋለች፣ ዘጠኝ፣ ጎርበጥባጣው መንገድ ላይ ቀስ ብለህ ንዳ ትለዋለች ኡበይዳን፣ ቀስ ብለህ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ አንድ ወይስ አሥራ ሁለት፣ ጠፋባት፣ ሰዓቱን ታየዋለች፣ አባቷን ታያቸዋለች፣ ይተነፍሳሉ፣ እንደገና አትጀምርም።